ፊቴ «በፊት» የተባለበት መተግበሪያ

በዚህ ግምገማ የምመለከተው ፎቶግራፍ ያሳምራሉ ከሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች አንዱን ነው። ስሙን የማልጠቅሰው በተመሳሳይ መንገድ የሚሠሩ በርካታ ተፎካካሪዎች ስላሉትና ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ በእርሱ ላይ ብቻ የሚወድቅ ስላልሆነ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ያለ እርሱ አንድም ፎቶ እንደማትለጥፍ በማስተዋሌ እኔም ስልኬ ላይ ጫንኩትና ለአንድ ወር ያህል፣ መጀመሪያ በነጻ የሙከራ ጊዜው፣ ከዚያም ከፍዬ ተጠቀምኩበት።

መተግበሪያው ሥራውን የሚያውቅ መሆኑን አስቀድሜ መመስከር ይገባኛል። ከመስኮት ፊት ለፊት የተነሣና ጨለማ የዋጠው ፎቶ በአንድ ንክኪ ይፈካል፤ ከጀርባ ሳይታሰብ የገባ አላፊ አግዳሚ ዱካው ሳይቀር ይወጣል፤ የተዛነፈ ግድግዳ ይቃናል። ፎቶው የዕቃ ወይም የመልክዓ ምድር ከሆነ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም።

ነገሩ የሚለወጠው በፎቶው ውስጥ ፊት ሲያገኝ ነው። የራሴን ፎቶ በከፈትኩበት ቅጽበት፣ ጣቴ አንድም ምልክት ሳይነካ፣ ፊቴ ተለወጠ። ከፎቶው ግርጌ ከዜሮ እስከ 100 የሚንሸራተቱ መስመሮች ተደርድረዋል፦ ቆዳ፣ አፍንጫ፣ መንጋጋ፣ ዓይን፣ ከንፈር፣ ጥርስ። ማንም ሰው እንደሚጠብቀው መስመሮቹ ከዜሮ ተነሥተው ባለቤቷ ወደፈለገችው ቁጥር እንድትወስዳቸው የተተዉ መስሎኝ ነበር። ቆዳ ማለስለሻው ግን 60 ላይ፣ መንጋጋ ማቅጠኛው 40 ላይ፣ አፍንጫ ማጥበቢያው 35 ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እናቴ «ማርያም የሳመችሽ» እያለች ያሳደገችኝ፣ በግራ ጉንጬ ላይ ያለው ጥቁር ምልክትም ጠፍቷል። የት እንደገባ ስፈልግ «እንከን ማስወገጃ» በሚል ርእስ ሥር ተመዝግቦ አገኘሁት።

የዚህ መተግበሪያ ዋነኛ ጉድለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ፎቶውን ለማሳመር መሻቱን አልነቅፍም፤ ፎቶ ቤቶች ፊልም በሚያጥቡበት ዘመንም በእርሳስና በብሩሽ ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ልዩነቱ የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ሲጠየቅ ብቻ ይሠራ የነበረ መሆኑ ነው፤ ይህኛው ግን ሳይጠየቅ ቁጥሩን ወስኖ ይጠብቃል። ያልተነካውን ፎቶ «በፊት»፣ የራሱን ሥራ ደግሞ «በኋላ» ብሎ ይሰይማል። በአማርኛ ሳስበው «በፊት» የሚለው ቃል ውስጥ ፊት መኖሩ ያስቀኛል፤ ያ ፊት እንግዲህ የእኔ፣ ጠዋት የታጠብኩት፣ ምንም ያልጎደለው ፊት ነበር።

መተግበሪያው ሲከፈት ዕድሜንና ጾታን ይጠይቃል። ለምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ የወንድሜን ፎቶ በራሱ ስልክ ላይ፣ በወንድነት አስመዝግቤ ሞከርኩ። ቆዳ ማለስለሻው 15 ላይ፣ አፍንጫ ማጥበቢያው ዜሮ ላይ ነበር፤ መንጋጋው እንዲያውም እንዲሰፋ ተደርጓል። የፊታችን ልዩነት ይሆናል ብዬ የራሴን ያንኑ ፎቶ በእርሱ ስልክ ከፈትኩት። የጉንጬ ምልክት ተመለሰ፤ በዓይኔ ዙሪያ ያሉት መስመሮችም ተመለሱ፤ መንጋጋዬ እንደ ቦክሰኛ ሰፋ። ያው ፊት፣ ያው ብርሃን፣ ያው ካሜራ ነው፤ የተለወጠው በመመዝገቢያው ገጽ ላይ ያለች አንዲት ምልክት ብቻ ናት። ወንድ ከሆንኩ የዓይኔ መስመሮች ግርማ ናቸው፤ ሴት ከሆንኩ እንከን ናቸው።

በነጻው አገልግሎት መሐል የሚገቡት ማስታወቂያዎችም በዚሁ መንገድ የተከፈሉ ናቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ሁለቱን ስልኮች እያነጻጸርኩ ስከታተል ለእኔ የቀረቡልኝ የማቅጠኛ ሻይ፣ የቆዳ ክሬም፣ የሽፋሽፍት ማስረዘሚያና የከንፈር መርፌ ሲሆኑ፣ ለወንድሜ የቀረቡለት ደግሞ የመኪና ጨዋታ፣ የገንዘብ ንግድ ትምህርትና የሥራ መሣሪያዎች ነበሩ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ ጎጂ የሆነ የጾታ አመለካከትን የሚያንጸባርቁ ማስታወቂያዎች የተከለከሉ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ በደንቡ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማስታወቂያዎች ታግደዋል። አንደኛው ሕፃን መያዝ የማይችሉ ዝንጉ አባቶችን የሚያሳይ የአይብ ማስታወቂያ ነበር፤ ሌላኛው ወንዶቹ ጠፈር ላይ ሲንሳፈፉና ስፖርት ሲሠሩ ሴቲቱ ከሕፃን ጋሪ አጠገብ ተቀምጣ የምትታይበት የመኪና ማስታወቂያ ነበር። እንዲህ ያለው ደንብ በቴሌቪዥን ለሁሉም ዓይን የቀረበን ምስል ለመዳኘት ይመቻል። በእኔና በወንድሜ ስልክ ላይ ግን እያንዳንዱ ማስታወቂያ ለብቻው ሲታይ ይህን ያህል ነቀፋ የለበትም፤ ነገሩ የሚገለጠው ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ነው፣ ያንን የሚያደርግ ደግሞ ከእኔ በቀር ማን ሥራ የፈታ አለ?

ጉድለትን አስቀድሞ አሳይቶ መድኃኒቱን መሸጥ አዲስ ጥበብ አይደለም። ኦዶሮኖ የተባለ የላብ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1919 በአንድ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ባወጣው ማስታወቂያ፣ ሴቶች የብብታቸው ሽታ ለራሳቸው ሳይታወቃቸው ሌላውን ሊያርቅ እንደሚችል ነገራቸው። ሁለት መቶ ያህል አንባቢዎች ተቆጥተው የመጽሔቱን ደንበኝነት ሰረዙ፤ የምርቱ ሽያጭ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ። ሆኖም ኦዶሮኖ የማንንም ብብት አላሸተተም፤ በጅምላ ነው ያስፈራራው። ይህ መተግበሪያ የእያንዳንዷን ተጠቃሚ አፍንጫ ለይቶ ይለካና ምን ያህል መጥበብ እንዳለበት በቁጥር ይነግራታል።

ስለ አፍንጫ ካነሣን የእህቴን ልጅ ማንሣት አለብኝ። ሁለቱን ፎቶዎቿን ጎን ለጎን አድርጌ የትኛው እርሷን እንደሚመስል ስጠይቃት ለአፍታ እንኳ አላመነታችም፤ «አክስቴ፣ ይሄኛው እኮ እኔ ነኝ፤ ያኛው ካሜራው ነው» አለችኝ። «እኔ» ያለችው የታረመውን ነው። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ነገሩን ሳጣራ ግን በግማሽ ልክ ሆና አገኘኋት። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት እንዳሰላው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ሰልፊ፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት ከተነሣ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር፣ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ለካሜራው የቀረበው ነገር ስለሚገዝፍ ከፊት ሁሉ አስቀድሞ ወደ ሌንሱ የሚቀርበው አፍንጫ ከእውነቱ ይሰፋል ማለት ነው። ካሜራው በርግጥ ዋሽቷል። መተግበሪያው ግን የካሜራውን ስሕተት የልጅቷ አፍንጫ ስሕተት አድርጎ ያቀርብላታል፤ የማጥበቢያውን መስመር ይሰጣታል እንጂ «ስልኩን አራቂው» የሚል አንዲት ዐረፍተ ነገር በየትኛውም ገጹ ላይ አላገኘሁም።

ይህ ተራ የፎቶ ነገር ሆኖ ቢቀር ባልተቸገርኩ ነበር። የአሜሪካ የፊት ቅርጽ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባካሄደው የአባላት ዳሰሳ 55 በመቶ የሚሆኑት ሐኪሞች በሰልፊ ላይ አምረው ለመታየት ሲሉ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቁ ሰዎች እንደመጡባቸው ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የወጡት የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶችም ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት በሚሰማቸው ጊዜ ኢንስታግራም ስሜቱን እንደሚያባብስባቸው የተናገሩ ታዳጊ ሴቶች 32 በመቶ እንደነበሩ አሳይተዋል። ቲክቶክ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 አንዳንድ መልክ ለዋጭ ፊልተሮችን ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተጠቃሚዎች እንደሚከለክል አስታውቋል። እኔ የሞከርኩት መተግበሪያ የልጅቷን ዕድሜ ጠይቆ 16 መሆኑን ካወቀ በኋላ ያደረገው ለውጥ ቢኖር ቆዳ ማለስለሻውን ከ60 ወደ 55 ዝቅ ማድረግ ነው።

ወደ ክፍያው ልለፍ። የሚከፈልበት አገልግሎት ሁለት ቁም ነገሮችን ይሰጣል። አንደኛው፣ መስመሮቹን ዜሮ ላይ አስቀምጦ በዚያው ማቆየት መቻል ነው፤ በነጻው አገልግሎት ዜሮ ያደረጉት ሁሉ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ወደ 60 እና 40 ይመለሳል፤ በሌላ አነጋገር የራስን ፊት ይዞ ለመቆየት የሚከፈል ዋጋ አለ። ሁለተኛው፣ በፎቶው ጥግ ላይ የምትታየዋን፣ ምስሉ መታረሙን የምትናገረዋን ትንሽ ምልክት ማጥፋት ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የሞዴሎች አካል ቀጥኖ ወይም ወፍሮ እንዲታይ የታረመበት የንግድ ፎቶ መታረሙ እንዲጻፍበት ታስገድዳለች፤ ኖርዌይም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በተከፈለበት ማስታወቂያ ላይ የሰውነት ቅርጹ፣ መጠኑ ወይም ቆዳው የተለወጠ ምስል ምልክት እንዲደረግበት የሚያዝ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ሁለት አገሮች በሕግ እንዲጻፍ ያዘዙትን ዓይነት ምልክት ይህ ድርጅት ለማጥፋት ገንዘብ ይቀበላል። ሕጎቹ የንግድ ማስታወቂያን እንጂ የግል ፎቶን እንደማይመለከቱ አውቃለሁ፤ ግን የእህቴን ልጅ ክፍል ጓደኞች የሚያስቀናቸው የመጽሔት ሞዴል ሳይሆን የእርስ በርሳቸው ፎቶ መሆኑን ላየ ሰው ልዩነቱ ብዙም አያጽናናም።

ደንበኝነቱን ማቋረጥ ቀላል አይደለም። አራት ገጾች ካለፍኩ በኋላ በመጨረሻው ላይ ያልታረመው ፎቶዬ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ፤ ከሥሩም ወደዚህ ለመመለስ እርግጠኛ መሆኔን የሚጠይቅ ጽሑፍ ነበር። «አዎ» የሚለው ፊደል በግራጫ ቀለም፣ ለማየት እስኪያስቸግር ድረስ አንሶ ተጽፏል።

ለመልክዓ ምድር፣ ለዕቃ ሽያጭና ለጨለመ ፎቶ የሚፈልገው ሰው ቢገዛው አይቆጭም። ለፊት የሚፈልገው ሰው ግን ሲመዘገብ የጾታውን ጥያቄ እንዲዘልለው እመክራለሁ፤ «መናገር አልፈልግም» የሚል ምርጫ ከታች ተደብቆ አለ፣ እርሱን ሲመርጡ መስመሮቹ ሁሉ ከዜሮ ይነሣሉ። ይህን በሦስተኛው ሳምንት ነው ያገኘሁት።

ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ግድግዳ አስደግፌ፣ ስልኩን ሁለት እርምጃ ርቄ ይዤ፣ ያለ ምንም ማረሚያ አነሣኋት። ፎቶውን ሁለት ጣቶቿን ከፈት አድርጋ እያጎላች ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አፍንጫዋ ላይ ደርሳም ቆመች። «ይሄ በምን ተሠራ?» ስትለኝ በምንም እንዳልሆነ ነገርኳት። እንድልክላት ጠየቀችኝና ላክሁላት። ማታ ገጿን ስከፍት የለጠፈችው እርሱኑ ነው፤ ቆዳ ማለስለሻውን ግን 20 ላይ አድርጋዋለች።