ለአንዲት የአማርኛ አስተርጓሚ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ለንደን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ምስጋናዬ አማርኛ ለሚያስተረጉሙ አንዲት እናት ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም።

የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ ጋ ሰንብቶ ነበር። አባቱ ሕንፃ ያከራያሉ፤ እሱ ሥራ ይዞ አያውቅም፣ ቸግሮትም አያውቅም። በጠዋት ስወጣ ሶፋ ላይ ትቼው ማታ እዚያው አገኘዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ "ሰለቸኝ" ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ሲደርስ ደስ አለኝ። ሰኞ ዕለት እኔ ተረኛ ስለነበርኩ ብቻውን ሄደ።

በሁለት ቀን አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚጎርፍበት በዓል ነው። እሱ አይጨፍር፣ አይጠጣ፤ ከላድብሮክ ግሮቭ ወደ ፖርቶቤሎ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ሰው እያየ ሰዓታት ተመላለሰ። ኪስ አውላቂም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፖሊሶች ሲፈትሹት ሦስት ስልክና 1,400 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ተገኘበት። "እዚህ ምን ትሠራለህ?" ሲሉት ደንግጦ እንግሊዝኛው ጠፋበትና በአማርኛ "ዝም ብዬ ነው" አለ። የአንዱ ፖሊስ ስልክ ላይ ያለው መተርጎሚያ "ዝም አልኩ" ብሎ አነበበው። አልመልስም ያለ መስሏቸው ይዘውት ሄዱ።

ጣቢያ ከገባ በኋላ ያለውን የነገረኝ እሱ ነው። አስተርጓሚዋ ሲመጡ መጀመሪያ ያሉት፣ "ልጄ፣ እኔ ላንተም ለእነሱም አላዳላም። እንደልማድህ ተናገር፣ ያልከውን እንዳለ አደርሳለሁ" ነው። ተረኛው ጠበቃ ሲመጣ "ስንት ልክፈል?" ብሎ ጠየቀ። ጣቢያ ውስጥ ጠበቃውም አስተርጓሚውም ለሀብታምም ለድሃም በነፃ እንደሆነ ያኔ ገባው። ጥያቄው ሲደገም አሁንም "ዝም ብዬ ነው" አለ። አስተርጓሚዋ ትርጉሙን ሰጥተው፣ ቃሉ በቁሙ ከዝምታ ቢመጣም አበሻ "እንዲያው፣ ያለ ምክንያት" ለማለት እንደሚጠቀምበት ለመርማሪው አስረዱ። ከዚያ ሦስቱንም ስልኮች በየኮዳቸው ከፈተ፤ እኔም ከአዲስ አበባ የተላከልኝን የግዢ ደረሰኝ ፎቶ ለጠበቃው አደረስኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያለ ክስ ተለቀቀ።

በር ላይ ስጠብቅ እሳቸው ቀድመው ወጡ። እጃቸውን ይዤ "ምን አለ? ምን አሉት?" አልኳቸው። "እሱ ይንገርሽ የኔ ልጅ፤ እኔ የሰማሁትን እዚያው ትቼ ነው የምወጣው" አሉኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ለራሴም ጉዳይ የምጠራቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወገኖቼ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብላችሁ እንኳ ጣቢያ ስትገቡ አስተርጓሚና ጠበቃ ጠይቁ፤ እስኪመጡም ጠብቁ። እንደ እኔ ያለ ዘመድ ላስተርጉም ቢል አትቀበሉ፤ እኔ ብሆን አልቅሼ አበላሸው ነበር። ጣቢያ የሚጠራውን ሰው መምረጥ አይቻልም፤ እሳቸው ግን ለሆስፒታልና ለኢሚግሬሽን ቀጠሮም ይሠራሉ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

እናቴ፣ ይህን ካነበቡት፣ ልጁ ሻይ ሊጋብዝዎት ይፈልጋል።