ቁንጮ ጤፍ ከማሳ እስከ ምጣድ፦ ሦስት ክረምት ዘርተነው ያየነው

ስለ ምርጥ ዘር የሚወራው ሁሌም በኩንታል ነው። ስንት ሰጠ፣ ስንት ተሸጠ። ጤፍ ግን ኩንታል ሆኖ አይበላም። ታርሞ፣ ተነፍቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ ነው ሌማት ላይ የሚደርሰው። ስለዚህ ይህን ግምገማ የምጽፈው አባዬ ያለውን ብቻ ይዤ አይደለም፤ እማዬ ያለችውንም ጭምር ነው።

ቤተሰቦቼ የምንጃር ገበሬዎች ናቸው። ያለን መሬት አራት ቀርጥ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ነው። ቁንጮን ለማታውቁት፣ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው። ወላጆቹ ዱከምና ማኛ ናቸው። ዱከም ምርቱ ደህና ነበር፣ ግን እንደ ማኛ ስላልነጣ የገበሬው ልብ አልሄደበትም። ማኛ ደግሞ ወተት ይመስላል፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቅለው የአንዱን ምርት ከሌላው ንጣት ጋር አገናኙት።

ምርቱ እውነት ነው፣ አልተጋነነም። በደህናው ዓመት ከአንዷ ቀርጥ 5 ኩንታል አፍሰናል። በማኛ ጊዜ 3 ካለፍን እሰየው ነበር። አባዬ ከዚያ ወዲህ መሬቱን በሙሉ ቁንጮ ላድርገው ይላል። ነጋዴው ንጣቱን አይቶ ደጃችን ድረስ ስለሚመጣ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ድካሙ። በመስመር ዝሩ ተባልን፣ ዘራን። በመስመር ሲሆን ለሄክታር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዘር ይበቃል፣ በብተና 25 ኪሎና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ዘር መቆጠቡ ጥሩ። ግን በ20 ሳንቲ ርቀት ፈር እየወጣ ያቺን ብናኝ የምታክል ዘር እየቆነጠሩ መጣል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያጎነበሰ ብቻ ነው። አባዬ ፈሩን ያወጣል፣ እኔ፣ እማዬና እህቴ ከኋላው እንጥላለን። ብተና የወንድ ሥራ ነበር፣ በአንድ ረፋድ ያልቃል። ያው ሥራ አሁን የሦስት ሴት የሁለት ቀን ጉልበት ሆነ፣ በዚያ ላይ ምሳ የሚሠራው ሌላ ሰው የለም። መስከረም ላይ ለአረም ስንገባ ግን ክሶናል። በመስመሩ መሃል እግር ማሳረፊያ ስላለ ጤፉን ሳንረግጥ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የጨረስነው።

በሁለተኛው ዓመት ዩሪያው በዛበትና ጋሸበ። ዝናብ ሲጨመርበት ጭራሽ መሬት ለመሬት ተኛ። አባዬ የቆጠረው የጎደለውን ኩንታል ነው። እማዬ የቆጠረችው አሸዋውን ነው። ጤፍ ውስጥ የገባ ደቃቅ አሸዋ በወንፊት አይወጣም፣ መጠኑ ያው ነዋ። ሰፌድ ላይ እያንገዋለሉ ጥቂት በጥቂት ነው የሚለየው። ያን ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታንገዋልል አይቻታለሁ። በመጨረሻ ቁንጥር አድርጋ በጥርሷ ትሞክራለች፣ ካንገጫገጨ እንደገና ትጀምራለች። ዩሪያውን አታብዙበት የምላችሁ ለዚህ ነው።

እንጀራውስ? እማዬ አንድ ቀን ሁለት ቡሆ አቦካች፣ አንዱ የቁንጮ፣ አንዱ የራሷ የማኛ። እርሾው አንድ፣ አብሲቱም አንድ ዓይነት። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር፣ ልዩነት ፈልጌ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ማኛው እንደ ሻሽ ይታጠፋል፣ የቁንጮው ጠርዝ ላይ ትንሽ ትንሽ መሰንጠቅ ጀመረ። ብዙ አይደለም። ግን ቅዳሜ ጋግሮ እስከ ረቡዕ ለሚበላ ቤት ልዩነት ነው። ጭዱ በጣም ጥሩ ነው፣ ላሞቹም ይወዱታል፣ ግድግዳ ለመለሰንም በቅቶን ተርፏል።

በጣም የከፋኝ የአሻሻጡ ነገር ነው። እማዬ ዘሩን ለመግዛት ሁለት ሰዓት ተጉዛ ስትደርስ «እናቴ፣ አባወራውን ይላኩ» ብለው መለሷት። የመሬት ደብተራችን ላይ የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። የዘር ዝርዝሩ ላይ ያለው ግን የአባዬ ስም ብቻ ነው። የመስመር ዘር ሥልጠናውንም የወሰደው እሱ ነው፣ ዘሩን ቆንጥራ የምትጥለው እሷ ሆና ሳለ! ይህ መስተካከል አለበት።

ደግነቱ ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩ ቶሎ አይከዳም። በየዓመቱ መግዛት አያስፈልጋችሁም። እማዬ ሳይታጨድ ማሳውን ዞራ ያማረውን ትመርጣለች፣ ለብቻው ይወቃላታል፣ በቅል አድርጋ ታስቀምጣለች። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓመት የዘራነው ያንኑ ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለምርቱና ለንጣቱ ከ5 5፣ ለእንጀራው 4፣ ለድካሙ 2፣ ለአሻሻጡ 1።

ዘንድሮ እማዬና አባዬ ብዙ ተከራክረዋል። እሷ ቡኒኝ የምትባለዋን የጤፍ ዝርያ አልለቅም አለች። ቀይ ናት፣ ገበያ ላይ ዋጋዋ ዝቅ ይላል፣ ግን ቀድማ ትደርሳለች፤ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ጥቅምት ላይ ልጆቹን የምታበላው እሷን ነው። ዝናቡ ቢዘገይም ቡኒኝ ትይዛለች። አባዬ መጀመሪያ አኮረፈ፣ በኋላ ራሱ ቁጭ ብሎ አሰላው። ሁለት ቀርጥ ቁንጮ፣ አንድ ቀርጥ ማኛ፣ የጓሮዋ አንድ ቀርጥ ቡኒኝ። ቁንጮው አንዱ ቀርጥ በመስመር፣ ሌላው በብተና ይሆናል፣ ለመስመሩም ደቦ ይጠራል፣ ወንዶቹም ያጎነብሳሉ። የቡኒኟ ዘር ከወዲሁ ተነፍቶ ቅሉ ውስጥ ነው።