ደብረ ብርሃን ወይስ አዲስ አበባ? የተመራቂዎች ትስስር ሲመዘን

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላ ብዙ የሰሜን ሸዋ ልጆች ስለ ዶርምና ስለ ትምህርት ክፍል ይጠይቃሉ። ከዚያ የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል። ምሩቆቹ በየሚኒስቴሩ፣ በየባንኩ፣ በውጭ አገርም አሉ። ስሙ ራሱ በር ይከፍታል። ከመሐል ሜዳ የሄደ ልጅ ግን ያን ሁሉ ሰው በአካል ላያገኘው ይችላል።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም ነው። ገና ወጣት ነው። እዚህ አካባቢ ግን ሥሩ ጠንካራ ነው። ከእሱ የወጡ መምህራን፣ ነርሶችና የግብርና ባለሙያዎች ከሸዋ ሮቢት እስከ ዓለም ከተማ ታገኛላችሁ። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ሳይለጠፍ ቀድሞ የተመረቀ ልጅ በቴሌግራም «ቦታ ሊወጣ ነው፣ ዶክመንትሽን አዘጋጂ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም! እርግጥ የተማሪዎች ምደባ አገር አቀፍ ስለሆነ እዚያ የተማረ ሁሉ ሰሜን ሸዋ አይቀርም።

በጤና፣ በማስተማር ወይም በግብርና ተመርቃችሁ እዚሁ መሥራት ካሰባችሁ እኔ ደብረ ብርሃንን አስቀድማለሁ። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ለሚያልም አዲስ አበባ ይሻላል።

ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ከምትፈልጉት ትምህርት ክፍል በቅርብ የተመረቁ ሁለት ሦስት ልጆች ፈልጋችሁ ደውሉ። «ሥራው መኖሩን ማን ነገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።