ለአባቴ ውድድር ገንዘብ ያሰባሰበችልንን እህት ላመስግናት (ዲኤምቪ፣ ማለትም ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ አንብቡት)

ሰላም ቤተሰብ፣ ይሄን ፖስት ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ ስራ ፋታ አልሰጥ ብሎኝ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ፈንድሬዚንግ የምታዘጋጅ አንዲት እህት አለች፣ እሷን ልጠቁማችሁ።

አባቴን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ዲሲ ፓርኪንግ የሚሰራው ጋሼ። 62 አመቱ ነው፣ ፓወርሊፍቲንግ (ከባድ ብረት የማንሳት ስፖርት) ላይ ከ60 እስከ 69 አመት ያሉት ማስተርስ 3 ስለሚባሉ እዛ ውስጥ እስከ 83 ኪሎ በሚመዝኑት ምድብ ይወዳደራል። 2024 ኦክቶበር ላይ የአለም ማስተርስ ሻምፒዮና ደቡብ አፍሪካ ሰን ሲቲ ነበር፣ ለአሜሪካ ቲም ሲመረጥ እልል አልን፣ ከዛ ወጪው መጣ። ስፖርቱ ኦሎምፒክ ውስጥ የለም፣ ትኬቱን ሆቴሉን ምዝገባውን የቲም ልብሱን ሳይቀር ከፋዩ ራሱ ተወዳዳሪው ነው። እማዬማ "ብረት ለመሸከም ደሞ ይከፈላል እንዴ" ብላ ሳቀችብን።

ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው ወጪውን አንድ በአንድ አስጽፋ ጎፈንድሚው (የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያው) ላይ መለጠፍ ነው። ገንዘቡም በኔ በኩል ሳያልፍ ቀጥታ አባቴ አካውንት እንዲገባ አደረገች፣ የኛ ሰው መቼም በገንዘብ ጉዳይ ተጠራጣሪ ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ የማላውቀውን ነገርም ነገረችኝ፣ ጎፈንድሚ ከያንዳንዱ ክፍያ 2.9 ፐርሰንትና 30 ሳንቲም ይቆርጣል፣ ስለዚህ 5 ዶላር የሚሰጥ ሰው ካለ ወደ 45 ሳንቲሙ እዛው ቀረ ማለት ነው፣ ትንሽ ትንሹን በዜል (ከባንክ ባንክ በስልክ በሚላከው) ወይ በካሽ ተቀበሉ አለችን። ቲፕ የሚለው ደሞ ለድርጅቱ እንጂ ለአባቴ ስለማይደርስ የማይፈልግ ሰው ዜሮ ማድረግ እንደሚችል ለሁሉም ጻፈች።

ግን ዋናው ዝግጅቱ ነበር። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አዳራሽ ተከራየን፣ ዶሮ ወጥ ቡና ምናምን፣ እሱ የተለመደ ነው። እሷ ግን "ጋሼ እዚሁ ያንሱ፣ ቃል የገባ ሰው በኪሎ አንድ ዶላር ይክፈል" አለች! ወለሉ እንዳይጎዳ የጂም ላስቲክ ቀድማ አስመጥታ ኢንሹራንሱንም ጨርሳ ነበር። ሶስት ህጻናት ዳኛ ተደርገው ነጭና ቀይ ወረቀት ተሰጣቸው፣ እንደ እውነተኛው ውድድር ሁለት ነጭ ካገኘ ያልፋል። 180 ኪሎ አነሳ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ ሁለቱ ነጭ ሲያወጡ የእህቴ ልጅ ቀይ! "ጉልበቱን እስከመጨረሻ አልዘረጋም" አለችው አያቷን፣ ህጉንም ራሱ ነው ያስተማራት። ቃል የገባው ሁሉ እየሳቀ 180 180 ከፈለ፣ አንዳንዱማ ለቀዩዋም ብሎ ጨመረ።

ሲያልቅ የገባውንም የወጣውንም ከነደረሰኙ ለሰጠው ሰው በሙሉ ላከች። አባቴም ሄዶ ተወዳድሮ መጣ፣ ሶስተኛው ዴድሊፍቱን (ብረቱን ከወለል አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆሙን) ሲጨርስ በላይቭ እያየን ጎረቤት ቀሰቀስን።

ነጻ አይደለችም ልብ በሉ፣ ግን ዋጋዋን ቀድማ ትናገራለች፣ ከተሰበሰበው ላይ ፐርሰንት አትወስድም፣ እኔ ይሄን ነው የወደድኩላት። ስልክ ቶሎ አታነሳም፣ ቴክስት አድርጉላት። ስልኳን በኢንቦክስ እሰጣችኋለሁ። ለሰርግ የምትፈልጓት ግን አትድከሙ፣ ጠይቄላችኋለሁ፣ አልሰራም ብላለች።