«10 ሽፋን በአንድ ጥቅል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

አጫጭር ልቦለዶቻችሁን ራሳችሁ የምታሳትሙ፣ በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ የምትሸጡ ወይም አማዞን ላይ የምትጭኑ ሰዎች፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው።

አንድ ጥቅል ይሸጣል። «10 የታሪክ ሽፋን በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ሳምንት፣ ከነሙሉ መብቱ» ይላል። ግማሹ ቀብድ ነው፣ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ ይከፈላል። ለአሥር ሲካፈል አንዱ ሽፋን በነጻ የተሰጠ ይመስላል። ሻጩን በስም አልጠራም። ይኸው ጥቅል በተለያየ ስም ስለሚዞር አንዱን መጥራት ብዙም አይጠቅማችሁም። ጠባዩን ማወቅ ይሻላል።

አንዲት ወዳጄ ገዝታዋለች። አጭር ልቦለድ ትጽፋለች፤ እያንዳንዱን ታሪክ ለብቻው ታወጣለች፤ የሚጠብቃት አንባቢም አላት። ሽፋኖቹን ስልኳ ላይ ደርድራ ስታሳየኝ የአሥር የተለያዩ ሰዎች መጽሐፍ መሰሉኝ። አንዱ ላይ ስሟ ከላይ በቀይ ተጽፏል። ሌላው ላይ ከታች በወርቃማ። አንዱ ላይ ጭራሽ የለም። አንዱ ፎቶ ነው፣ አንዱ ካርቱን፣ አንዱ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ጭጋግ ውስጥ የቆመች ሴት። (ይቺ ሴት በስንት ልቦለድ ሽፋን ላይ እንደቆመች እግዜር ይወቀው።) አንባቢዋ ቻናሉን ወደ ላይ ሲያንሸራትት የእሷን ታሪክ ከሌላው የሚለይበት አንድም ምልክት የለም።

የጥቅሉ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። በተከታታይ ለሚወጡ አጫጭር ታሪኮች የሚያስፈልገው አንድ ፍሬም ነው። ስማችሁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ፊደሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ርዕሱና ቀለሙ ብቻ ይቀየራል። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ግን አሥር የማይገናኙ ምስሎችን ነው። አሥራ አንደኛውን ታሪክ የጻፋችሁ ቀን እጃችሁ ላይ ምንም የለም። ተመልሳችሁ ትከፍላላችሁ።

«ቀላል ሽፋን ገንዘብ የሌለው ሰው ነገር ነው» ብለው ይከራከሯችኋል። ወዳጄንም እንዲህ ብለዋታል። ግን ፔንግዊን የተባለው መጽሐፍ አሳታሚ በ1935 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ውስጥ ሲጀመር የመጽሐፎቹ ፊት ላይ ከትንሿ ወፍ አርማ በቀር ሥዕል አልነበረም። ኤድዋርድ ያንግ የተባለ ወጣት ሦስት አግድም መደብ ሠራላቸው። ላይና ታቹ ቀለም ነው፣ መሀሉ ነጭ፣ ነጩ ላይ ርዕስና የደራሲ ስም። ልቦለዱ ብርቱካናማ፣ የወንጀል ታሪኩ አረንጓዴ፣ የሕይወት ታሪኩ ጥቁር ሰማያዊ። ዋጋቸው ስድስት ፔኒ ነበር፤ ሰው ሱቅ ውስጥ ከሩቅ ያውቃቸው ነበር። ከ1947 ጀምሮ ደግሞ ያን ቺኾልድ የተባለው ጀርመናዊ የፊደል ባለሙያ መጥቶ የፊደሎቹን ርቀት ሳይቀር የሚወስን ደንብ በጽሁፍ አስቀመጠ። ማንም ሠራተኛ ደንቡን አንብቦ ቀጣዩን ሽፋን መሥራት እንዲችል ነው። ቀላል የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ ምስሎቹ። የወዳጄን አንድ ሽፋን አጉልቼ አየሁት። ቡና የሚፈላበት ቤት ነው። ሲኒዎቹ እጀታ አላቸው። የጀበናው አንገት ሁለት ነው። ከኋላ ያለው የሱቅ ሰሌዳ ላይ ከሩቅ አማርኛ የሚመስል፣ ሲቀርቡት ግን በየትኛውም ገበታ ላይ የሌለ ፊደል ተደርድሯል። ማሽን የሠራው ምስል ነው። በማሽን መሠራቱ በራሱ ወንጀል አይደለም። እነሱ ግን «በእጅ የተሳለ» ብለው ነው የሸጡላት። አማዞን ላይ መጽሐፍ የሚታተምበት ኬዲፒ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ጽሁፍም ሆነ ምስል ሲጫን አሳውቁ ይላል። የሽፋን ምስልም እዚያ ውስጥ ይገባል። ለጥያቄው የምትመልሱት እናንተ ናችሁ፣ ዲዛይነሩ አይደለም። እሱ ዋሽቷችሁ እናንተ «የለበትም» ካላችሁ፣ የሚጠየቀው የእናንተ አካውንት ነው።

ሌላው ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ ከፒንተረስት የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ጎግል ሌንስ ላይ (ምስል ከየት እንደመጣ የሚፈልግ መሣሪያ ነው) ስናስገባው ወዲያው ባለቤቱ ወጣ፤ የራሱ ድረ ገጽ ያለው ፎቶ አንሺ ነው። ፒንተረስት ሰዎች የወደዱትን ምስል የሚሰበስቡበት ቦታ ነው፤ ፈቃድ አይሰጥም። እኛም አገር ቢሆን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ሥዕልንም ይጠብቃል። «ሙሉ መብት እንሰጣችኋለን» የሚል ሰው መጀመሪያ መብቱ የእሱ መሆን አለበት። የሌለውን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ነጻ ፎቶ ከፈለጋችሁ አንስፕላሽና ፔክስልስ የተባሉት ድረ ገጾች ለንግድም ይፈቅዳሉ። እዚያም ቢሆን ፊቱ በግልጽ የሚታይ ሰው ያለበትን ፎቶ ባትነኩት ይሻላል። ፎቶ አንሺው ፈቀደ ማለት የተነሳው ሰው ፈቀደ ማለት አይደለም።

ፊደሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያየው እዚህ ነው። ሻጮቹ ፊደል ሲወፍር ያምራል ብለው ያስባሉ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፎንትም ሆነ ዊንዶውስ ላይ የነበረው ንያላ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። ቦልድ የሚለውን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ በግምት ያወፍረዋል። በዚያን ጊዜ የ«ጨ» እና የ«ጬ» ክፍተት ይደፈናል፣ የ«ሜ» ቀለበት ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ስልክ ላይ አንሶ ሲታይ ርዕሱ አይነበብም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ግን ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ራሱን ችሎ የተሳለ ነው። በነጻ ይገኛል፣ ለንግድም ይፈቀዳል። አንድ ዲዛይነር ይህን ካላወቀ የአማርኛ ሽፋን አልሠራም ማለት ነው።

ርዕሱ ቦታ አልበቃ ሲል ፊደሉን ወደ ጎን የሚጎትቱም አሉ። ከወዳጄ ርዕሶች አንዱ እንደ ማስቲካ ተለጥጧል። ሌላው ላይ እሷ «ሌሊት» ብላ የላከችውን «ለሊት» ብለው ጽፈውታል። ውስጡ ሌላ፣ ሽፋኑ ሌላ። አርሙልኝ ስትል «ሁለት ማስተካከያ ብቻ ነው ነጻ፣ እሱን ጨርሰሻል» አሏት። የራሳቸውን ስህተት ማለት ነው! ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ፋይሉ። የላኩላት ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ነው። ቴሌግራም ፎቶ ሲላክ ይጨምቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል። ኤ5 መጽሐፍ 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በጥራት ለማተም 1748 በ2480 ፒክሰል ይፈልጋል፣ በዙሪያው የሚቆረጠው 3 ሚሊ ሜትር ሳይጨመር። የያዘችው ምስል ቁመቱ ከሚያስፈልገው ግማሽ ገደማ ነው። ማተሚያ ቤት ብትወስደው ወይ ይመልሷታል ወይ ደብዝዞ ይወጣል። ለኪንድል፣ ማለትም ለአማዞን ዲጂታል መጽሐፍ ብቻ እንኳ ቢሆን አማዞን የሚመክረው ቁመቱ 2560፣ ወርዱ 1600 ፒክሰል የሆነ ምስል ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በሉ። ለወረቀት ከሆነ ቀለሙ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በማተሚያ ቀለሞች፣ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ጠይቁ። ስልክ ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይሞታል።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን ጥቅሉ ውስጥ ያለው «ፊት፣ ጀርባና ጎን ያለው ሙሉ የወረቀት ሽፋን» የሚለው ነው። ጎን የሚሉት መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየውን ጠርዝ ነው። የአንድ አጭር ታሪክ መጽሐፍ 30 ገጽ ቢሆን ነው። በኬዲፒ ነጭ ወረቀት ጎኑ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ኬዲፒ ደግሞ ከ79 ገጽ በታች ከሆነ ጎኑ ላይ ጽሁፍ አይቀበልም። በዚያ ላይ የጎኑ ስፋት የሚታወቀው ገጹ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው። የውስጥ ገጹ አቀማመጥ (ሌይአውቱ) ሳያልቅ ጎን ሠራሁ የሚላችሁ ሰው ገምቶ ነው የሠራው።

እውነተኛው ወጥመድ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ወዳጄ ራሷ ልታርመው ብላ የሚስተካከለውን ፋይል ጠየቀች። «ሶርስ ፋይል ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ በየሽፋኑ» ተባለች። ካንቫ በተባለው የኢንተርኔት ዲዛይን መሥሪያ ለተሠሩት ደግሞ ማየት ብቻ የሚያስችል ሊንክ ላኩላት። ሙሉ መብት ያሉት የት ገባ? የሚስተካከለው ፋይል እነሱ ጋ እስካለ ድረስ ለእያንዳንዱ ፊደል እነሱን ትለምናላችሁ።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ገንዘባችሁን ለአንድ ሽፋን ክፈሉ፣ ግን ሽፋኑ ፍሬም ይሁን። ዲዛይነሩን ስታናግሩት ያላችሁን አጭሩን ርዕስና ረጅሙን ርዕስ ሁለቱንም ስጡት፣ ሁለቱንም ሠርቶ ያሳያችሁ። በአንድ ቃል ርዕስ የሚያምር ሽፋን አምስት ቃል ሲመጣበት ይፈርሳል፤ ፈተናው ይኼ ነው። ስልካችሁ ላይ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ልክ አሳንሳችሁ እዩት፣ ርዕሱ ካልተነበበ አትቀበሉ። የሚስተካከለውን ፋይል፣ የፎንቱን ስም፣ የቀለሞቹን መለያ ቁጥር፣ ምስል ካለ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሊንክ ዋጋው ውስጥ አስገቡ። በቃል ሳይሆን በጽሁፍ። ሥራዎቼ እያለ የሚያሳያችሁን ነገር ጎግል ሌንስ ውስጥ ክተቱት። ሁሉም በኮምፒውተር የተሠሩ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ወይም በአየር የተንሳፈፉ መጽሐፎች ምስል ከሆነ «የታተመውን በእጅህ ይዘህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» በሉት።

ከፍላችሁ ከሆነም አልመሸም። ቀሪውን ክፍያ ያዙ። የተጻጻፋችሁትንና የቴሌብር ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ምንጩ ያልታወቀ ምስል ያለበትን ሽፋን አታውጡ። ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ምስል ካለ ደግሞ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ በራሳችሁ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ። ወዳጄ ያደረገችው እንዲያ ነው። ፍሬሙን የሠራላት የአንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ሌይአውት ሠራተኛ ነው። ነጭ መደብ፣ ከላይ ስሟ፣ መሀል ርዕሱ፣ ከታች በየታሪኩ ቀለሙ የሚቀየር ጥለት። አዲስ ርዕስ ስታስገባ እሷው ራሷ ናት የምትቀይረው።

ቀሪውን ግማሽ እስካሁን አልከፈለችም። እነሱም «ሲስ፣ ክፍያሽ ዘግይቷል» እያሉ ይጽፉላታል።