ብላክቤሪ 957ን ለወራት ይዤ ስሠራ ያየሁት

ብላክቤሪ 957 ስልክ አይደለም። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ወገቤ ላይ ያየው ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይደወልበታል?» ብሎ ስለነበር ከዚሁ ልጀምር። አይደወልበትም። በፈረንጆቹ 2000 የወጣው ብላክቤሪ 957 ኢሜይል ይቀበላል፣ ይልካል፣ ቀጠሮና አድራሻ ይይዛል፣ በቃ። ስልኬን ለብቻ ነበር የምይዘው። ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ሠርቼበታለሁ፣ እስከዛሬም ለአንድ ሥራ ተብሎ እንደዚህ በደንብ የታሰበበት ዕቃ በእጄ ገብቶ አያውቅም።

ትልቁ ነገር መልእክቱ ራሱ ፈልጎህ መምጣቱ ነው። ያን ጊዜ ከቢሮ ውጪ ኢሜይል ለማየት ላፕቶፕ ከፍተህ፣ የስልክ መስመር ፈልገህ፣ ሞደሙ ጮኾ እስኪገናኝ ትጠብቃለህ። ይሄኛው ግን ሁልጊዜ እንደተገናኘ ነው፣ መልእክት ሲገባ ይንቀጠቀጣል። ይሠራበት የነበረው ሞቢቴክስ የሚባል ኔትወርክ ፍጥነቱ በሴኮንድ 8 ኪሎቢት ብቻ ነበር። ሲሰሙት ያስቃል፣ ለጽሑፍ ግን ይበቃ ነበር፤ ረጅም ኢሜይል ሲመጣ መጀመሪያውን ብቻ ያወርድና ማንበብህን ስትቀጥል ቀሪውን ያስከትላል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሞባይል መስመሮች ተጨናንቀው ሰው መደወል ሲያቅተው በእነዚህ መሣሪያዎች መልእክት መለዋወጥ የቻሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ለአባላቱ ያደለው።

ኪቦርዱን ሳላመሰግን አላልፍም። ቁልፎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ለሁለት አውራ ጣት የተሠሩ ስለሆኑ ከሳምንት በኋላ ሳታይ ትጽፋለህ። ክፍት ቦታውን ሁለቴ ስትጫን ነጥቡን ራሱ ያስገባል፣ ፊደሉን ይዘህ ስትቆይ ትልቁ ይወጣል። በቀኝ በኩል ያለችው መሽከርከሪያ ደግሞ በአንድ እጅ ብቻ ደብዳቤ እያገላበጥክ፣ ተጭነህ እየከፈትክ፣ ባቡር ውስጥ ቆመህ እንድትሠራ ታደርግሃለች። ስክሪኑ ቀለም የለውም፣ ፀሐይ ላይ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ባትሪው ለቀናት ይቆያል። ከ957 በፊት የነበረው ብላክቤሪ 950 በአንድ ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው፤ ይሄኛው ግን ቻርጅ ይደረጋል።

የሚያስቸግረው ነገር ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ድርጅቱ የራሱ የብላክቤሪ ሰርቨር (ኢሜይሉን የሚያስተላልፍ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ከሌለው ኢሜይሉን ወደ መሣሪያው የሚያስተላልፈው ጠረጴዛህ ላይ ያለው ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ መጥፋት የለበትም። የእኛ ቢሮ ደግሞ ዓርብ ማታ ኮምፒውተሮችን ሁሉ የሚያጠፋ ሰው ነበረው። ቅዳሜና እሑድ መልእክት ድርግም ይላል፣ ሰኞ ጠዋት ዝርግፍ ብሎ ይገባል። ደንበኛ ቅዳሜ የላከውን ሰኞ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ኮምፒውተሬ ላይ «እባካችሁ አታጥፉ» የሚል ወረቀት ከለጠፍኩ በኋላ ነው የተስተካከለው።

አባሪ ፋይል አይከፍትም። ውል ወይም የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲላክልህ መጥቷል ከማለት ሌላ የምታደርገው የለም፣ ይሄ ለእኔ ትልቁ ጉድለት ነው። የኛን ፊደልም አያሳይም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት) የገባው በ1999 ስለሆነ በዚያ ጊዜ ብዙ አይጠበቅም፣ እኛም አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፍን እንግባባ ነበር። ለእኅቴ በአማርኛ ስጽፍ ግን ይከፋኝ ነበር።

ሌላው፣ ማታም ይንቀጠቀጣል። አለቃህ መያዝህን ካወቀ በአምስት ደቂቃ መልስ ይጠብቃል። እኔ እራት ላይ አጠፋው ነበር፣ የያዘው ሰው ሁሉ እንደዚያ ቢያደርግ ይሻለው ነበር።

በ2002 ስልክ ያለው ብላክቤሪ 5810 ሲወጣ ጓደኞቼ ቀይር አሉኝ። እሱ ግን በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ አይወራበትም፣ ለብቻው ድምፅ ማጉያና ማይክ የለውም። ሄጄ አየሁት፣ ያዝኩት፣ 957ዬ ላይ ቀረሁ።