ከፋይል ወደ ሸክላ፦ ርካሽ ማጫወቻ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሸክላ ከዲጂታል የተሻለ ድምፅ አለው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ መልሴን ከወዲሁ ልስጥ፦ በዚህ የዋጋ ደረጃ የለውም። ማጫወቻውን ግን የመሸጥ ሐሳብ የለኝም፤ እንዲያውም ከገዛሁት ወዲህ ሙዚቃ የማዳምጥበት ሰዓት ጨምሯል። ለዓመታት በስልክና በኮምፒውተር፣ ደህና በሚባል የጆሮ ማዳመጫ፣ ጥራታቸው ያልተቀነሰ ፋይሎች ስሰማ ስለኖርኩ ንጹሕ ድምፅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው በትንሽ ገንዘብ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ነው። ገንዘቡ ምን ላይ ቢውል እንደሚያዋጣ አሁን የራሴ አቋም አለኝ፤ ከማጫወቻው ይልቅ የሸክላው ንጽሕና ላይ ነው።

የገዛሁት ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ-ኤልፒ60ኤክስ ነው። ሳህኑ በቺንጋ ይዞራል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 33⅓ እና 45 ዙር ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ክንዱ ራሱ ተነሥቶ ሸክላው ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ጎኑ ሲያልቅም ተመልሶ ሞተሩን ያጠፋል። ለጀማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፦ መርፌው ከእጅ አምልጦ ሸክላ አይጭርም፣ እንቅልፍ ቢወስዳችሁም መጨረሻው ቦይ (መርፌው የሚሄድበት ጠባብ መስመር) ላይ ሲሽከረከር አያድርም። የመርፌው ክብደት በፋብሪካ ተስተካክሎ ስለሚመጣ የሚነካካ ነገር የለውም። ካርትሪጁ (መርፌውን የሚይዘውና እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ከክንዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በሌላ ዓይነት አይተካም፤ የሚቀየረው መርፌው ብቻ ነው።

ፎኖ ፕሪአምፑ (ከካርትሪጁ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላውና የሚያስተካክለው ክፍል) ውስጡ ስላለ ቀድሞ ከነበሩኝ ስፒከሮች ጋር በቀጥታ ተገናኝቷል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልበል። ከካርትሪጁ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ሲዲ ማጫወቻ ግን 2 ቮልት ገደማ ያወጣል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ በጣም ይሰፋና በአንድ ጎን የሚገባው ሙዚቃ ያንሳል። የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር በ1954 እ.ኤ.አ. ደረጃ አውጥቶለት ኢንዱስትሪው በዚያው ይሠራል፤ የፕሪአምፑ ሥራ የተቀነሰውን መልሶ፣ የተጨመረውን ቀንሶ ማስተካከል ነው። ስለዚህ ያለ ፕሪአምፕ ሲገናኝ ድምፁ የሳሳና ሩቅ ይሆናል። አምፕሊፋየራችሁ የራሱ ፎኖ መግቢያ ካለው ደግሞ የማጫወቻውን መቀየሪያ ወደ ፎኖ አዙሩት፤ ሁለት ፕሪአምፕ ከተደራረበ ድምፁ ይሰነጣጠቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያገለገለ ሸክላ በዓይን ሲታይ የሚያብለጨልጭ ቢሆንም ቦዩ ውስጥ የዓመታት አቧራና የጣት ቅባት ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። ሳይታጠብ ሲጫወት ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ ድምፁ ይደፈናል፤ ክንዱን አንሥታችሁ ከመርፌው ሥር ብታዩ ግራጫ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። መርፌው ያኔ ቦዩን በትክክል አይነካም። ከእያንዳንዱ ጎን በፊት በካርቦን ፋይበር ብሩሽ አንድ ሁለት ዙር ማስኬድ የላይ አቧራውን ያነሣል፤ የተጋገረው ግን ካልታጠበ አይለቅም። እኔ የማጥበው በተጣራ ውኃና በጣም ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ነው። በለስላሳ ጨርቅ የቦዩን አቅጣጫ ተከትዬ አሻለሁ፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ውኃ እንዳይነካው እጠነቀቃለሁ፣ በሌላ የተጣራ ውኃ አለቀልቅና አቁሜ አደርቀዋለሁ። ከቧንቧ ውኃ የሚቀረው ማዕድን ራሱ ድምፅ ስለሚሆን የተጣራው ውኃ የግድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮዎቹ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች በአብዛኛው ከሼላክ የተሠሩ ስለሆኑ አልኮል ያለበት ማጽጃ ያሟሟቸዋል፤ ይህ ማጫወቻም አያጫውታቸውም።

ከታጠበ በኋላ ያለው ልዩነት አስደንቆኛል። ጥሩ ካርትሪጅ ያመጣው ይሆናል ብዬ የጠበቅኩትን ጥራት የሰጠኝ ውኃና ጨርቅ ነው። ከዘፈን በፊት የነበረው ኮሽኮሽታ ወደ ጥቂት የተራራቁ ጠቅታዎች ወረደ፣ የሲምባሉ ጭራ ተለይቶ መሰማት ጀመረ። ጭረት ግን ጭረት ነው፤ የትኛውም እጥበት አያጠፋውም። ስለዚህ ስገዛ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቼ መብራት ሥር አጋድሜ ሳላየው አልከፍልም። በጥፍር ሲነካ የሚታወቅ ጭረት ያለበትን እተወዋለሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ።

ያልተፈታልኝ ችግር የየጎኑ የመጨረሻ ዘፈን ነው። ሸክላው ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ስለሚዞር ጠርዙ ላይ በመርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያልፋል፤ ወደ መሐሉ ሲጠጋ ግን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ተጨምቆ ሲጻፍ፣ ከዚህ ማጫወቻ ጋር የሚመጣው ክብ ጫፍ ያለው መርፌ ጥቃቅኑን ማዕበል መከተል ያቅተዋል። በተለይ የሴት ድምፅ ላይ ይታወቃል፤ «ሰ» እና «ሸ» ያለባቸው ቃላት ይፏጫሉ፣ ይሻክራሉ። በአንድ ጎን ብዙ ደቂቃ የታጨቀባቸው ሸክላዎች ይብሳሉ፤ 20 ደቂቃ ሳይሞላ የሚያልቀው ጎን ግን ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነው። ዝግተኛ፣ ስሜት የሚነካ ዘፈን ጎኑን እንዲዘጋ የሚመርጡ አዘጋጆችን አመሰግናቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለው ዘፈን ለዚህ ቦታ ይስማማል።

ማስቀመጫውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ማጫወቻውና ስፒከሮቹ አንድ መደርደሪያ ላይ ከሆኑ የቤዙ ንዝረት በመርፌው ተመልሶ ይገባና ድምፁ ያጉረመርማል፤ መለየት ብቻ ነው። ሸክላዎች ይቆማሉ እንጂ አይደራረቡም፣ ፀሐይም አይነካቸውም፤ ይጣመማሉ።

ከዲጂታሉ ጋር ስነጻጽር በቁጥር የሚከራከር አይኖርም። ሲዲ 96 ዴሲቤል ያህል የድምፅ ስፋት (በጣም ዝግ ካለው እስከ በጣም ከፍ ካለው ድምፅ ያለ ልዩነት) ሲይዝ ጥሩ ሸክላ 70 ገደማ ነው። ብዙ አዳዲስ ሸክላዎችም የሚቀረጹት ከዲጂታል ማስተር (ቅጂዎቹ ሁሉ ከሚወጡበት የመጨረሻ ቅንብር) ስለሆነ «ፍጹም አናሎግ ነው» ብሎ መግዛት አያስኬድም። ሸክላው የሚበልጥበት አጋጣሚ ግን አለ፦ ፋይሉ ከልክ በላይ እንዲጮኽ ተጨፍልቆ ወጥቶ፣ ለሸክላው ግን ለብቻው በእርጋታ የተዘጋጀ ማስተር ሲኖር። እንደዚህ ያለ አልበም አለኝ፤ ከበሮው በሸክላው ላይ ይተነፍሳል፣ በፋይሉ ላይ ግን ከጊታሩ እኩል ተጨፍልቋል። ያንን አልበም ከእንግዲህ በስልክ አልሰማውም። ረጅም፣ ጸጥ ያለ ምንባብ ያለበትን ኦርኬስትራ ደግሞ ሸክላ ላይ አልገዛም፤ ጠቅታው ጸጥታውን ይገድለዋል።

መርፌ ጥቂት መቶ ሰዓታት አገልግሎ ይለወጣል፤ ያረጀ መርፌ ሸክላውን ራሱን ስለሚበላ በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። የእኔው ሲደርስ ሌሎች አምራቾች ለዚሁ ካርትሪጅ የሚሠሩትን ኤሊፕቲካል መርፌ እገጥማለሁ። ጫፉ ጠበብ ያለ በመሆኑ የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች ፉጨት ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። እስከዚያው የማተርፈው ገንዘብ ማጠቢያና አዲስ የውስጥ ከረጢት መግዣ ነው።